ቅቤ፣ ሚዶና ካውያ በአምቦ መንገድ

የጃጋማ ኬሎ የአርበኝነት ዘመን ፎቶግራፍ ሚያዝያ 27 በደረሰ ቁጥር ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ፊታቸው ገና የልጅ ፊት ነው። ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ግን ፀጉራቸው ላይ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ጎን የተነሣ ትልቅ ጎፈሬ። በ1913 ዓ.ም. ከጊንጪ በማይርቀው ደንዲ፣ ዩብዶ ላይ የተወለዱት ጃጋማ ጣልያን ሲገባ አሥራ አምስት ዓመት ገደማቸው ነበር። አምስቱን ዓመት በዱር በገደሉ ቆይተው ወራሪው ሲወጣ ሃያ ዓመት ሆኗቸው ነበር። «የበጋው መብረቅ» ተብለው፣ ኋላም ሌተና ጄኔራል ሆነው፣ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያያቸው በዚያ ጎፈሬ ነው።

ስለ አርበኞች ፀጉር ሲወራ የሚነሣው መሐላው ነው። ብዙዎቹ ጠላት ከአገር ሳይወጣ ፀጉራችንን አንቆረጥም ብለው ነበር፤ በወሊሶ በኩል የተዋጉት ገረሱ ዱኪም፣ ራስ አበበ አረጋይም በዚያ ዘመን ፎቶግራፎቻቸው ባለ ጎፈሬ ናቸው። ብዙም የማይነሣው ሥራው ነው። ጥቅልል ፀጉር ዝም ብለው ቢተዉት ክብ ሆኖ አይቆምም፤ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ይቋጠራል፣ ከሥሩ ይጠጥራል። እንደዚያ ተበትኖ እንዲቆም በሚዶ መፈታት፣ በቅባት መራስ፣ ከአቧራና ከቅማል መጠበቅ አለበት። ላለመላጨት የማለ ሰው ማበጠርን ማወቅ ነበረበት።

ያ እውቀት ከየት መጣ? እንዴትስ ከየቤቱ ወጥቶ ጠፋ? የዛሬዎቹ ልጃገረዶች ለምን እንደ አዲስ ከስልክ ላይ ይማሩታል? የምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ ከሆለታ እስከ ባኮ በአንድ መንገድ ላይ የተሰደሩት፣ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ለውጡ የመጣው በዚያው መንገድ ነውና።

አባ ባሕርይ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ ኦሮሞ በጻፉት አጭር ድርሳን ውስጥ ስለ ፀጉር የሚናገር አንድ ቦታ አለ። ሰው ወይም ትልቅ አውሬ የገደለ ጭንቅላቱን ተላጭቶ መሃል አናቱ ላይ ጥቂት ፀጉር ያስቀራል፤ ያልገደለ ግን አይላጭምና ቅማል ያስቸግረዋል ይላሉ። ባሕርይ ራሳቸው በዘመኑ የኦሮሞ ዘመቻ ንብረታቸው የተዘረፈባቸው መነኩሴ ስለነበሩ ብዕራቸው የተቆጣ ሰው ብዕር ነው፤ ያዩትን ግን በደንብ አይተዋል። ወንዱ ምን እንደሠራ ከሩቅ የሚነበበው አናቱ ላይ ነበር።

የገዳ ሥርዓትም ዕድሜንና ማዕረግን በፀጉር ያሳይ ነበር። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ቦረና ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚሉት የመጀመሪያው እርከን ላይ ያሉት ሕፃናት፣ ደበሌዎቹ፣ ወንዶች ሆነው ሳለ ፀጉራቸው እንደ ሴት ልጅ ሳይቆረጥ ያድጋል፤ ወደሚቀጥለው እርከን ሲሸጋገሩ በሥነ ሥርዓት ይቆረጣል። ይህ የደቡቡ የቦረና ልማድ ነው። የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል የነበረው ኦዳ ቢሲል ግን የሚገኘው እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ነው፤ ፀጉርና ማዕረግ ተያይዘው የሚታዩበት አስተሳሰብም ለዚህ አገር ባዳ አይደለም።

የሴቶቹ ደንብ በኦሮሞውም በአማራውም ቤት ተቀራራቢ ነበር። ያላገባች ልጃገረድ አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ታስቀራለች፤ በኦሮሞው ቀሬ ናት፣ በአማራው ጋሜ ወይም ሳዱላ። ስታገባ አናቷ ላይ ያለው እንዲያድግ ይተዋል፤ ሲደርስ ይሠራል። መንገደኛ አንዲትን ወጣት ምንጭ ዳር ቢያገኛት ባለ ትዳር መሆን አለመሆኗን መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ወንዱ ሕፃን ደግሞ ቁንጮ ይቀመጥለታል፤ ጭንቅላቱ ተላጭቶ ከግንባሩ በላይ አንዲት ጉንጉን ፀጉር ትቀራለች። ቢሞት መልአክ በእርሷ ይዞ ወደ ሰማይ ያወጣዋል ይባል ነበር። የሕፃን ሞት በየቤቱ በሚገባበት አገር ይህ የእናት መጽናኛ ነው።

ኀዘንም በፀጉር ይነገር ነበር። ባሏ ወይም ልጇ የሞተባት ሴት ትላጫለች፤ የመነነችው ተላጭታ ቆብ ትደፋለች። ስለዚህ በአንድ ሴት ዕድሜ ውስጥ ፀጉር ብዙ ጊዜ ተላጭቶ ብዙ ጊዜ እንደገና ያድጋል። ከዜሮ ጀምሮ ፀጉርን ማሳደግ፣ ዛሬ ብዙዎች እንደ ትልቅ ውሳኔ የሚያዩት፣ ለዚያ ዘመን ሴት የታወቀ ጉዳይ ነበር። እንዴት እንደሚያሳድጉትም ይታወቅ ነበር።

ዋናው ነገር ቅቤ ነው።

የአናት ቅቤ የሚጀምረው ከናጯ እጅ ነው። ቅሉ ወይም የሸክላው ዕቃ አስቀድሞ በወይራ ይታጠናል፤ እርጎው ይናጣል፤ ቅቤው ሲወጣ ለወጥ የሚነጠረውና ለአናት የሚቀመጠው እዚያው ይለያያል። የአናቱ ለጋ መሆን አለበት፤ ያልነጠረ፣ ያልቆየ፣ ጨው ያልነካው። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በእጅ እየታሸ ይታጠባል፤ ውሃው ነጭነቱን ትቶ ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ ደጋግሞ። ይህ እጥበት ቀላል ይመስላል እንጂ የሙያው ግማሽ እርሱ ነው። ቅቤው ውስጥ የቀረች አሬራ ናት በማግሥቱ የምትሸተው። «ቅቤ ይሸታል» እያሉ የሚሸሹ የከተማ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሸሹት በደንብ ያልታጠበ ቅቤን ነው።

ቀጥሎ አደስ ይመጣል። የዚህ ቁጥቋጦ ቅጠል ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል፤ ዱቄቱ ከቅቤው ጋር ይለወሳል። አንዱ ቤት አርቲ ይጨምራል፣ ሌላው ጠጅ ሣር። መዓዛው ብቻ አይደለም ጥቅሙ፤ የአደስ ዘይት አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እንደሚገታ በላቦራቶሪ ታይቷል። በወንጪ በኩል እንሰት ስለሚበቅል ገበያ የሚወጣው ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ኮባው ሲገለጥ ቅቤው ላይ የቅጠሉ ጅማት ታትሞ ይታያል።

የምትቀባዋ ሴት ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ፀጉሯ ተፈትቷል፣ ታጥቧል፣ ገና እርጥበት አለው። ከኋላዋ ያለችው እናቷ፣ እህቷ ወይም ጎረቤቷ የፀጉሩን ሥር በጣቷ እየከፈለች ጥቂት ጥቂት ቅቤ ታሻለች፤ በመጨረሻ የሎሚ ያህል ድቡልቡል አናቷ ላይ ታስቀምጥና በሻሽ ታስራለች። ከዚያ ፀሐይ ወይም ምድጃ ነው። ቅቤው ቀስ እያለ ይቀልጣል፤ በግንባር፣ በጆሮ ግንድ፣ በማጅራት ይወርዳል። የሚወርደውን በእጇ እየጠረገች እጇንና እግሯን ትቀባለች። አራስ ስትሆን ቅቤው ይበዛል፤ ለበዓል ይቀባል፤ ራስ ምታት ሲነሣም ይቀባል። ሕፃን ደግሞ እርግብግቢቱ ላይ በጣት ይነካለታል።

ይህን ሁሉ ስለ ፀጉር ከሚታወቀው ሳይንስ ጋር ማስተያየት ደስ ይላል። የራስ ቆዳ የራሱን ቅባት ያመነጫል፤ ሉጫ ፀጉር ላይ ቅባቱ እየተንሸራተተ እስከ ጫፍ ይደርሳል። ጥቅልል ፀጉር ላይ ግን በየመጠምዘዣው ይቆማል፤ ጫፉ ደርቆ ይቀራል፤ የሚሰበረውም እዚያው መጠምዘዣው ላይ ነው። ጥቅልል ፀጉር አያድግም የሚባለው ስህተት ነው። እርሱም በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ከታች የሚሰበረው ከላይ የሚያድገውን ያህል ሲሆን ነው ቆሞ የቀረ የሚመስለው። ስለዚህ ውሃ ሰጥቶ፣ ውሃው እንዳይተን በቅባት ከድኖ፣ ከዚያ ሠርቶ መተው ነው መፍትሔው። የዛሬ የፀጉር ባለሙያዎች ደረጃ በደረጃ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፤ በበርጩማው ላይ ደረጃዎቹ ስም አልነበራቸውም እንጂ ቅደም ተከተላቸው ያው ነው።

ባዕዳንም ታዝበውታል። ትግራይ ውስጥ ሦስት ዓመት ገደማ የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ፀጉር አሠራሩና ስለ ቅቤው በሰፊው ጽፏል።

ሚዶው ከጠንካራ እንጨት ይጠረባል። ጥርሶቹ ጥቂት፣ ረጃጅምና የተራራቁ ናቸው፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ፊላ ይለዋል። የፋብሪካ ማበጠሪያ ጥርሱ ስለሚጠባበቅ ጥቅልሉን ይበጥሳል፤ ሚዶ ግን ውስጡ ገብቶ ያነሣዋል። የሚሠራው ሹሩባ ከሆነ ደግሞ ወስፌ ያስፈልጋል፤ ሰፌድ የሚሰፋበት ወስፌ ጫፉ ፀጉርን በቀጭን መስመር ለመክፈልም ይሆናል። ሌሊት ሲተኙ ሥራው እንዳይበላሽ ከእንጨት የተጠረበ ትራስ አንገት ሥር ይገባል፤ በየሙዚየሙ የሚታዩት ውብ ውብ የእንጨት ትራሶች ለጌጥ የተቀረጹ አልነበሩም።

ሹሩባ የሴት ብቻ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በሥዕል ሁሉ የሚታወቁት በሹሩባቸው ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ እንግሊዞች ከዘውድና ከመጽሐፍ ጋር የፀጉራቸውን ጉንጉን ሳይቀር ቆርጠው ወስደዋል፤ ሁለቱ ጉንጉኖች ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ለረጅም ዓመታት ከቆዩ በኋላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሰዋል። ዐፄ ዮሐንስም ሹሩባ ይሠሩ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ግን ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አስረው ባርኔጣ መድፋትን አዘወተሩ።

ለውጡም ከምኒልክ ዘመን ጋር ይመጣል። በ1892 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ ዋና ከተማ ትሆናለች ተብላ የታቀደችው አዲስ ዓለም ዋና ከተማ ሳትሆን ቀረች፤ ከአዲስ አበባ ወደ እርሷ የተቀደደው መንገድ ግን በዘመኑ ከተሠሩት ቀደምት መንገዶች አንዱ ሆኖ ቀረ። መንገዱ ሲረዝም አምቦ ደረሰ። በአምቦው ፍል ውሃ ለመታጠብ የከተማ ሰው ይጎርፍ ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ማዕድን ውሃው በጠርሙስ መታሸግ ሲጀምርም የአምቦ ስም በጠርሙሱ አገር አዳረሰ። ኋላ ከተማዋ ሀገረ ሕይወት ተባለች። በዚያ መንገድ ላይ መስታወት፣ መቀስ፣ ምላጭና ቫዝሊን መጡ፤ የአዲስ አበባም ዓይን አብሮ መጣ።

ለወንዶቹ ወሳኙ ቦታ ሆለታ ነው። በጥር 1927 ዓ.ም. የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ተከፈተ። ዘመናዊ ወታደር ፀጉሩ አጭር ነው፤ ደንብ ልብሱና ፀጉር አቆራረጡ አብረው ይሰጡታል። ከዚያ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ጣልያን ገባ፣ ጎፈሬው ወደ ዱር ተመለሰ። በአንድ አውራ ጎዳና ላይ፣ በጥቂት ዓመታት ልዩነት፣ አጭር ፀጉር የሥልጣኔ ምልክት ሆኖ ረጅም ፀጉር የነፃነት ምልክት ሆነ። ከድል በኋላ አሸናፊው አጭሩ ነበር። ጎፈሬውን በአደባባይ ማየት የተቻለው በአርበኞች ቀን ሰልፍ ላይ ነው፤ ያም ቢሆን ውሎ አድሮ ተገዝቶ የሚደፋ ሰው ሠራሽ ጎፈሬ እየሆነ መጣ።

ትምህርት ቤቱም የራሱን ሠራ። በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም. ሲከፈት የገጠር ልጆች አዳሪ ሆነው ይመጡ ጀመር። በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች የጠዋት ሰልፍ ላይ ጥፍርና ፀጉር ይታያል፤ ፀጉሩ የረዘመ ልጅ መሃል አናቱ በመቀስ ይሸረከታል፣ ቀሪውን ቤቱ ሄዶ ይላጨዋል። ቅማልና ጭርት በእርግጥ ነበሩ፤ መምህራኑ ያለ ምክንያት አልተጨነቁም። ነገር ግን ንጽሕና ማለት አጭር ፀጉር ነው የሚለው ትምህርት አብሮ ገባ፤ ቅቤ የተቀባች ልጅም ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ ወንበር የሚገፏት ሆነች። የእናት እጅና የልጅ ፀጉር የተለያዩት በዚህ ትውልድ ነው።

በሴቶቹ በኩል የውበት ሳሎኖች ቀስ ብለው መጡ። መጀመሪያ ካውያው፤ ከሰል ላይ የጋለ ብረት፣ ጠረኑ የተቃጠለ ላባ ጠረን። ከዚያ ቢጎዲኑና ካስኩ፣ ፔስትራው፣ በመጨረሻም በዕቃ የሚመጣው ማለስለሻ ኬሚካል። ግጥምና ዘፈኑ ዞማ ፀጉርን ሲያወድስ የኖረ አገር ነው፤ ከርዳዳ የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ የሚሰማባት ልጅ ካውያው ሥር መቀመጧ አይፈረድባትም። ለአንድ ሰርግ፣ ለአንድ ምርቃት ተብሎ የተጀመረው በየሳምንቱ ሆነ፤ የፀጉሯን ትክክለኛ ጠባይ ከልጅነቷ ወዲህ አይታው የማታውቅ ሴት በየከተማው በዛች።

ኬሚካሉ የሚሠራው ፀጉርን ቅርጽ የሚሰጡትን የሰልፈር ትስስሮች በመስበር ነው። ከዋና ዋናዎቹ አንዱ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ሳሙና የሚሠራበት፣ ቆዳ ላይ ከቆየ የሚያቃጥል። ጉዳቱ ከራስ ቅል በታችም ሊወርድ ይችላል የሚለው ስጋት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ክብደት አገኘ። በአሜሪካ 33,497 ሴቶችን ለአሥራ አንድ ዓመት ገደማ የተከታተለ ጥናት፣ በዓመት ውስጥ ከአራት ጊዜ በላይ ማለስለሻ የተጠቀሙት ሴቶች በማኅፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳየ፤ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ሲሰላ ከመቶ 1.64 የነበረው 4.05 ደርሷል። ጥናቱ ግንኙነቱን እንጂ መንስኤነቱን አላረጋገጠም። ቢሆንም ማንኛዋም እናት ለልጇ ማለስለሻ ከመክፈሏ በፊት ይህን ቁጥር ልታውቀው ይገባል።

መመለሱ አንድ ጊዜ ተሞክሮ ነበር። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ጥቁሮች ፀጉራቸውን ማለስለስ ትተው አፍሮ ሲያደርጉ ፋሽኑ አዲስ አበባ ገባ፤ ተማሪውና ዘፋኙ ፀጉሩን አጎፈረ። ከአባቶቹ ጎፈሬ ጋር አንድ መሆኑን ስንቱ እንዳሰበው ባይታወቅም ለዓይን ግን ያው ነበር። ባሕር ማዶ ደግሞ ጃማይካውያን ራስተፈሪያኖች ኢትዮጵያን እያሰቡ ፀጉራቸውን ሳይቆርጡ ያሳድጉ ነበር፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ የተቀበላቸው ሕዝብ መሃል ባለ ረጅም ጉንጉን ፀጉሮቹ ጎልተው ይታዩ ነበር። በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ግን የተከበረው አጭርና የተስተካከለው ነበር።

የሁለተኛው መመለስ መነሻ ሌላ ነው፤ የአምቦም ድርሻ እዚህ ላይ ይበልጣል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የተቃወሙ የአምቦ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ አገር አዳረሰ። ወጣቶቹ ወንዶች ቄሮ፣ ሴቶቹ ቀሬ ተባሉ፤ የጥንቷ አናቷን የተላጨች ልጃገረድ ስም በ21ኛው ክፍለ ዘመን የፖለቲካ ስም ሆኖ ተነሣ። የፀጉር አቆራረጡ ራሱ አልተመለሰም። አብሮ የተመለሰው የባህል ኩራት ነው፤ በኢሬቻ ልጃገረዶች ሹሩባቸው ላይ ጨሌ ሰክተው መታየት፣ ወንዶቹ ጎፈሬ ማሳደግ፣ በሙዚቃ ክሊፖች ላይ ቅቤ የጠገበ ፀጉር መታየቱ። አያቶች ያፈሩበት የነበረው ነገር ለልጅ ልጆች የማንነት መገለጫ ሆነ።

ችግሩ ፍላጎቱ ሲመለስ እጁ አለመመለሱ ነው። ኬሚካሉን ትታ ፀጉሯን ከሥር ያሳደገች ወጣት እናቷን ብትጠይቅ፣ እናቷ ራሷ ካስክ ሥር ያደገች ናት። ስለዚህ ስልኳን ትከፍታለች፤ አትላንታ ወይም ሌጎስ ያለች ሴት ፀጉርን እርጥብ ሳለ ከጫፍ ጀምሮ መፍታት እንደሚገባ፣ ውሃ ከቅባት መቅደም እንዳለበት ታሳያታለች። ትምህርቱ ትክክል ነው። አያቷ ግን ሁለት ቤት አልፎ ተቀምጣ ይህንኑ ታውቃለች፤ የጠየቃት የለም።

ሆኖም የአያት እውቀት ሁሉ ያለ ፍተሻ ይወሰድ ማለት አይደለም። ፎረፎር የሚያመጣው ፈንገስ ቅባት ይወዳል፤ ራሷ ላይ ፎረፎር ያለባት ልጅ ቅቤውን ከፀጉሯ ጋር እንጂ ከቆዳዋ ጋር ባታገናኘው ይሻላታል። ሹሩባ ሲጠብቅ ያምራል ይባላል፤ ከግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ ያለው ስስ ፀጉር ግን በተደጋጋሚ ሲሳብ ሥሩ ይሞታል፣ ከዓመታት በኋላ የሸሸው ፀጉር አይመለስም። ሕፃን ልጅ ሹሩባ ስትሠራ የምታለቅሰው ስላመማት ነው፤ ሊሰማት ይገባል። በአንድ ምላጭ ሠፈሩን መላጨትም ጭርቱን አብሮ ያዞር ነበር፤ በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን አገር ውስጥ ከታወቁ በኋላ ነው ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ የሚለው ምክር በየፀጉር ቤቱ የሰረፀው።

የአምቦ ሰው ከሌላው የተለየ አንድ ጉዳይም አለው። የምንጩ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይበዛበታል፤ እነዚህ ከተራ ሳሙና ጋር ሲገናኙ የማይሟሟ ዝቃጭ ይፈጥራሉና ፀጉር ላይ ይለጠፋሉ። ፍል ውሃ ገብቶ ፀጉሩ የደረቀበት ሰው ፀጉሩ ከፍቶበት አይደለም፤ በመጨረሻ በዝናብ ወይም በሌላ ለስላሳ ውሃ ቢያለቀልቀው ይተወዋል።

የቅቤ ዋጋም ሌላው እንቅፋት ነው። ዛሬ ለወጥ የሚሆን ቅቤ መግዛት የከበደው ቤት አናት ላይ የሎሚ ያህል አያስቀምጥም። ብዙ ወጣቶች ጥቂት ለጋ ቅቤን ከጉሎ ዘይት ወይም ከሌላ የአትክልት ዘይት ጋር ያደባልቃሉ፤ ለሥራውም በቂ ነው፤ ጥቅልል ፀጉር የሚፈልገው ክዳን እንጂ ብዛት አይደለም። አደሱ አሁንም በየገበያው ከቅመሙ ጎን በትንሽ በትንሽ ተቋጥሮ ይሸጣል።

በየከተማው ያሉት የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የፀጉር ሥራ ያስተምራሉ። ሠልጣኟ ካስክ፣ ፔስትራና የኬሚካል አቀባብ ተምራ ትወጣለች፤ ሹሩባውን የምትሠራው ግን ሳሎኑ ጥግ በርጩማ ላይ የምትቀመጥ፣ ከእናቷ የተማረች ሌላ ሴት ናት፤ ደንበኛም የሚያመሰግነው እርሷን ነው። ይህች ሴት የሥልጠናው አስተማሪ መሆን አለባት። ቅቤ በስንት ውሃ እንደሚታጠብ፣ አደስ መቼ እንደሚጨመር፣ ወስፌው ፀጉሩን ሳይስብ እንዴት እንደሚከፍል፣ የግንባሩ ዳር ሳይጠብቅ እንዴት እንደሚያዝ አሳይታ በኦሮምኛም በአማርኛም ሊጻፍ ይገባል። በጊንጪም፣ በጉደርም፣ በጌዶም የካውያው ዘመን ሳይነካቸው ያለፈ፣ ለጎረቤት ልጅ ፀጉር ሲሠሩ የኖሩ አሮጊቶች ገና በሕይወት አሉ፤ ሥልጠናው ከእነርሱ ቤት ቢጀመር ለመነሻ የሚያስፈልገው አንድ በርጩማ፣ አንድ ሚዶና ግማሽ ቀን ነው።